ከአንድ ቦታ ብቻ የሚገጥም ብረት

አባቴ ብረቴን እንዲያዩልኝ መለመኑን ተስፋ ቆርጬ ከተውኩት በኋላ፣ በገዛ እግራቸው መጥተው አዩት።

ብረት ሠራተኛ ነኝ። እንጀራዬ በር፣ የደረጃ መደገፊያና የመስኮት ፍርግርግ ነው። እዚህ እስራኤል፣ ሀደራ ከተማ ውስጥ የእኔ ፍርግርግ የሌለበት ሰፈር የለም ስል ማጋነኔን የምትነግረኝ ባለቤቴ ብቻ ናት። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ሌላ አመል አወጣሁ፤ ሊኖሩ የማይችሉ ዕቃዎችን መሥራት። ነገሩ የጀመረኝ ስልኬ ላይ ካየሁት ሥዕል ነው። ሦስት ወፍራም ዘንጎች ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው ሦስት ማዕዘን ሠርተዋል፤ ጥጎቹ ሁሉ ግን እንደ በር ጥግ ቀጥ ያሉ ናቸው። ዕድሜውን በር ሲሠራ የኖረ ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያይ ይናደዳል። እኔም ተናደድኩ። ሁለት ቀጥ ያለ ጥግ አዙረህ ሦስተኛው ላይ መገናኘት አትችልም፤ በቃ፣ አይሆንም። ሥዕሉ ግን ተገናኝቶ ቁጭ ብሏል።

ወረቀት እንደሚዋሸው ብረትም ይዋሽ እንደሆነ ለማየት ከሥራ በኋላ ወርክሾፕ ውስጥ መቆየት ጀመርኩ። ምስጢሩ ይኸው ነው። ሦስቱ ዘንጎች በእውነት አይገናኙም። አንደኛው መሬት ላይ ተጋድሟል፣ ሁለተኛው ከእሱ ጫፍ ተነስቶ ሽቅብ ቆሟል፣ ሦስተኛው ከቆመው አናት ላይ ወደ ተመልካቹ አፍንጫ ይመጣል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ጫፍ መካከል ሕፃን ልጅ እየሮጠ ማለፍ ይችላል። ግን አንድ ቦታ አለ። እዚያ ቆመህ ስታይ የቅርቡ ጫፍ በሩቁ ላይ ይደረብና ክፍተቱ ይጠፋል፣ ሦስት ማዕዘኑም ዓይንህ እያየ ይዘጋል። ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ካልክ ይፈርሳል።

የመጀመሪያውን ስሠራ ትክክለኛው ቦታ ላይ ቆሜም አልገጥም ብሎኝ ነበር። ቆረጥኩ፣ በየድኩ፣ መልሼ ቆረጥኩ፣ ተራገምኩ። አንድ ቀን ስሞርድ የብረት ብናኝ ዓይኔ ውስጥ ገባና ዓይኔን በመዳፌ ከድኜ ቀና ስል፣ ሦስት ማዕዘኑ ግጥም ብሎ ፊቴ ቆሟል። ክው ብዬ ቀረሁ። ለካ ጥፋቱ የብረቱ አልነበረም። ሁለት ዓይኖቻችን የተቀመጡት የተለያየ ቦታ ላይ ነው፤ አንዱ ጫፎቹን ሲያገናኛቸው ሌላው ይለያያቸዋል። እንዲህ ከቅርብ ለሚያይ ሰው አንዱን መጨፈን ግዴታ ነው። ስለዚህ ከሥራዬ ፊት ለፊት ሰው አገጩን የሚያሳርፍበት ቋሚ ተከልኩና «አንድ ዓይን ይጨፍኑ» የሚል ጽሑፍ በዕብራይስጥ ለጠፍኩበት።

አባቴ ነገሩን ገና ከሩቁ ጠሉት። እሳቸውም ብረት ሠራተኛ ነበሩ። ጎንደር ገጠር ውስጥ ማረሻና ማጭድ እየቀጠቀጡ ነው ያሳደጉን። በእሳቸው ማረሻ የሚያርሰው ጎረቤት ልጁን ባመመው ቁጥር «ቡዳው አይቶት ነው» ይል ነበር፤ ብረት ቀጥቃጭ በዓይኑ ሰው ይበላል ተብሎ በሚታማበት አገር ነው ያደግነው። ስለዚህ የሦስት ማዕዘኑን ፎቶ ሳሳያቸው ስልኩን በጣታቸው ጫፍ ገፋ አደረጉት።

«ማረሻ ስንሠራ እንኳ ዓይናቸው ክፉ ነው አሉን» አሉኝ። «አንተ ደግሞ ወደህና ፈቅደህ የሰው ዓይን የሚያሳስት ብረት አደባባይ ታቆማለህ?»

«አባ፣ እዚህ አገር ቡዳ የሚል ሰው የለም።»

«እኔ አለሁ።»

ከዚያ በኋላ ስለ ብረቱ አላነሳሁባቸውም። ከአባቴ ጋር ሰላም መሆን የሚቻለው ስለ መኪና በማውራት ነው። ወደዚህ አገር ስንመጣ ዕብራይስጥ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ዛሬም ፊደል ሲያዩ ፊታቸው ይከብዳል። የመንጃ ፈቃዱን ፈተና ያለፉት፣ ሰው እያነበበላቸው ጥያቄውን ሁሉ በቃላቸው ይዘው ነው። ከዚያ ወዲህ በሚኖሩበት በቤት ኤሊዔዘር ሰፈር ለቅሶ ሲኖር ሽማግሌዎቹን የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው፣ ሠርግ ሲሆንም እንዲሁ። ከፋብሪካ ጡረታ ሲወጡ እንደ ጓደኞቻቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አልዋሉም፤ ነጭ መኪና ነበረቻቸው። እኔ ጎህ ሲቀድ ሥራ እገባለሁ፣ ባለቤቴ ሆስፒታል ውስጥ በፈረቃ ነው የምትሠራው። ጠዋት ጠዋት እኛ ሰፈር፣ ነቬ ሐይም ድረስ መጥተው ልጄን ትምህርት ቤት የሚያደርሱልን አባቴ ናቸው።

እናቴ ሁልጊዜ አጠገባቸው ትቀመጥና መንገዱን ሙሉ ትለፈልፋለች። «ሴትዮዋ ልትሻገር ነው፣ ብስክሌቱን ተጠንቀቅ፣ ያ ሰውዬ በሩን ሊከፍተው ነው።» እኔ በዚህ ስንት ቀልድ ቀልጃለሁ። ክረምት ላይ ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ቤት ስትውል እንኳ «አባ ደስ ይበልዎ፣ ጆሮዎ አረፈ» ብያቸዋለሁ። እሳቸው አልሳቁም ነበር። ከዚያ በኋላ ልጄን ብቻቸውን ማመላለስ ጀመሩ።

የፔሳህ በዓል ሰሞን ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ናሓል ሀደራ መናፈሻ ውስጥ ባህር ዛፎቹ ሥር የእጅ ሥራ ትርዒት ነበር። እኔም እስከ ደረቴ የሚደርሰውን ሦስት ማዕዘን በቫኔ ጭኜ ወስጄ አቆምኩት። ሕዝቡ ሥጋ እየጠበሰ፣ ሕፃናቱ ኳስ እያሯሯጡ፣ ሰዉ እየተንጠባጠበ ወደ እኔ ይመጣል። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። አገጩን ቋሚው ላይ ያሳርፋል፣ ጽሑፉን ያነብባል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ከዚያ «ዋው» ይላል። እኔም እጄን አጣጥፌ እንደ ሙሽራ አባት እቆማለሁ። ውሸት አልናገርም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

አባቴ ወደ እኩለ ቀን ገደማ ልጄን በመኪናቸው ይዘዋት መጡ። ባለቤቴ ሥራ ላይ ስለነበረች ልጅቷ አያቶቿ ጋ ነበር ያደረችው። ብረቴን ከሩቅ አይተው ፊታቸውን ወደ ወንዙ መለሱ። ልጄ ግን እጃቸውን ይዛ ትጎትታቸው ጀመር።

«ሳባ፣ ቦእ፣ ና እይ። አባ የሠራው ነው፣ ማማሽ፣ በእውነት ይገርማል።»

የልጅ ልጃቸው «ሳባ»፣ አያቴ፣ ብላ ስትጠራቸው እምቢ የማለት አቅም የላቸውም። ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ ቅር እያላቸው አገጫቸውን ቋሚው ላይ አሳረፉ። ጽሑፉን አላነበቡትም። እኔ «አባ፣ አንድ ዓይንዎን ይጨፍኑ» ልላቸው አፌን ከፈትኩ።

«እህ» አሉ ቀድመውኝ። «ገጠመ።»

«ገጠመ?»

«ገጠመ እንጂ። ሦስቱም ጫፍ ለጫፍ። ብየዳው እንኳ አይታይም።» ቀጥ ብለው ቆሙና ወደ ጎን ሄደው አዩት፤ ክፍተቱን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ተመልሰው መጥተው እንደገና አገጫቸውን አሳረፉ። «አይ ጉድ። ይኸው ደግሞ ገጠመ። የት ተማርከው አንተ ልጅ?»

ከአባቴ አፍ እንዲህ ዓይነት ቃል ሰምቼ አላውቅም። ዓይናቸው በእንባ ይረጥብ እንደሆነ ብዬ ፊታቸውን በደንብ አየሁት። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ወለል ብለው ተከፍተዋል። ያኔም አልገባኝም። ደስታው አሳውሮኝ ነበር መሰለኝ።

ከጎናቸው ተራ የሚጠብቁ ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው ከልጁ ጋር ማን ዓይኑን ቀድሞ እንደሚጨፍን እየተፎካከረ ይስቃል። አባቴ እነሱን ተመለከቱና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ጠየቁኝ።

«ይኸ ሁሉ ሰው ምን ሆኖ ነው አንድ ዓይኑን የሚጨፍነው?»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እዚያ ቦታ ላይ፣ ከዚያ ርቀት፣ ሁለት ዓይኑን ከፍቶ ያን ብረት ገጥሞ የሚያየው ሰው የለም። እኔ አልቻልኩም፣ ባለቤቴ አልቻለችም፣ ሠርቼ ካቆምኩት ጀምሮ የቻለ አላየሁም። ብረቱን አውቀዋለሁ፤ ሚሊሜትር በሚሊሜትር የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አባቴን ግን አላውቃቸውም ነበር።

ቀስ ብዬ ወደ ቀኛቸው ዞርኩና እጄን ከጆሯቸው አጠገብ አንስቼ አወዛወዝኩ። ብረቱን ማየት ቀጠሉ። እጄን ወደ ፊት፣ ወደ ጉንጫቸው፣ ከዚያም ወደ ዓይናቸው አቀረብኩ። ሽፋሽፍታቸው እንኳ አልተነቃነቀም። ወደ ግራቸው ዞሬ ያንኑ ሳደርግ ወዲያው ዓይናቸውን አርገብግበው ዞሩብኝ።

«ምን ታወዛውዝብኛለህ? ዝንብ አለ እንዴ?»

«አዎ» አልኩ።

አንዲት እናት ቋሚውን ለልጇ ዝቅ አድርግልኝ ብላ ጠራችኝ። ብሎኑን ለማላላት ጎንበስ አልኩ፤ መፍቻው ሁለቴ ወደቀብኝ። ቀና ስል አባቴም ልጄም የሉም። አጠገቤ ቅርጫት የሚሸጡ የሰፈራችን ሴትዮ «ወደ መኪናው ሄዱ» አሉኝ። «አባትህ ‹ባለቤቴ ቤት ብቻዋን ናት፣ ሄደን ምሳ እንብላ› ብለው።»

ሮጥኩ። በሰው ምንጣፍ ላይ፣ በሰው ሰላጣ መሃል ሮጥኩ። መኪና ማቆሚያው ጋ ስደርስ ነጯ መኪና ወደ መንገዱ እየወጣች ነበር፤ የልጄ ጭንቅላት በኋላ መስኮት ይታየኛል። ደወልኩላቸው። እየነዱ ስልክ እንደማያነሱ አውቃለሁ። እየነዳ ስልክ የሚያነሳ ሹፌር ባዩ ቁጥር «ነፍሰ ገዳይ» እያሉ ነው የሚሳደቡት። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ዝም አለ።

ቫኔን አስነስቼ ተከተልኳቸው። የደረስኩባቸው ወደ ቤት ኤሊዔዘር መታጠፊያው ላይ ነው። በጣም በቀስታ ነው የሚነዱት፣ ከኋላቸው ያለው ሁሉ ጡሩምባ ይነፋባቸዋል። ወደ ቀኝ ሊታጠፉ ሲሉ አንገታቸውን እንደ ዶሮ ሙሉ በሙሉ አዙረው አዩ፤ ከዚያ ፊታቸውን መለሱና መሪውን ጠመዘዙ። በመሃሏ ቅጽበት አንድ ወጣት በኤሌክትሪክ ስኩተር በቀኛቸው በኩል እየበረረ መጣ። መኪናዋ መንገዱን ዘግታ ወደ እሱ ተጠመዘዘች። ልጁ እግሩን መሬት ላይ ጎትቶ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ተላትሞ ቆመ፤ በእሱና በበሯ መካከል የቀረው አንድ ክንድ አይሞላም። አባቴ አላዩትም። አልቆሙም፣ አልደነገጡም፣ መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔ ብቻዬን ቫኔ ውስጥ የማላውቀው ድምፅ አወጣሁ። ልጁ በሕይወት ቆሞ ሲሳደብ አልፌው ተከተልኳቸው።

በሰላም ደረሱ። እኔ ደረጃውን በሩጫ ስወጣ ልጄ ቂጣ እየበላች ነው፣ አባቴ እጃቸውን ሊታጠቡ ገብተዋል። እናቴ ሶፋው ላይ እግሯን በትራስ ሰቅላ ቴሌቪዥን ታያለች። ጎኗ ተንበረከክሁ።

«እማ፣ የአባ ቀኝ ዓይን ያያል?»

ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለችም። «ማን ነገረህ?»

አያይም እንዴ፣ ምን ማለትህ ነው፣ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። «ማን ነገረህ» የሚለው ቃል ጀርባዬን በቀዝቃዛ ውሃ አጠበው።

«ብረቱ» አልኳት።

የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ እየፈሰሰ ስለነበር ቶሎ ቶሎ አወራችልኝ። «ጠፍታለች፤ ቆየች እኮ። ሮፌው፣ ሐኪሙ፣ የዓይን ግፊት ነው አለ። ግራይቱም እየተከተለቻት ነው፣ ጠብታውን ጨምር፣ መኪና ግን ተው አለው።»

«መቼ ነው ይኼ?»

«አንተ ገና ሳታገባ።»

«መንጃ ፈቃዱስ?»

«ረሼዮኑ ጊዜው አላለፈ፤ ማን ይጠይቀዋል?»

«እና እስከ ዛሬ በማን ዓይን ነው የሚነዱት?»

እዚህ ላይ ተቆጣች። «በእኔ ነዋ። መንገዱን ሙሉ የምለፈልፈው ለደስታዬ መስሎህ ኖሯል?»

የቀለድኩት ቀልድ ሁሉ አንድ በአንድ ተመልሶ ፊቴ ላይ ተለጠፈ። «ጉልበትሽን ከታመምሽ ወዲህስ? ልጄን ብቻቸውን ሲያመላልሱ?»

«ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው» አለች።

ስታስበው የኖረችው መልስ ይህ ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። በእናቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ጥርሴን ነክሼ ነው የያዝኩት። ልጄ ናት እኮ፣ በየማለዳው፣ በዚያ መንገድ። እናቴም ንዴቴን አየችና ክንዴን ያዘችኝ። «መኪናይቱን ብትነጥቀው ምን ይተርፈዋል?» አለችኝ።

ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ ነገርኳት። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ «ልጄ ከእንግዲህ እዚያ መኪና ውስጥ አትገባም» አለች። «ነገ ሂድና ቁልፉን ተቀበላቸው።»

መቀበል። አንድ ጎልማሳ አባቱ ፊት ቆሞ እጁን ዘርግቶ ቁልፍ አምጡ ሲል አስቡት። እኔ ልጃቸው ነኝ፤ ዛሬም እሳቸው ሳይቀመጡ አልቀመጥም። ልጅ ለአባቱ ሊናገረው የማይገባ ነገር ሲኖር ምን እንደሚደረግ የታወቀ ነው፤ ሽማግሌ ይላካል። እኔም ላክሁ። አንድ የቤተ እስራኤል ቄስና ሁለት የአባቴ የልብ ወዳጆች፣ ሦስቱም የተከበሩ፣ ሦስቱም ነገር አዋቂ። ጉዳዩን ሳስረዳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ አዘኑ። ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት በነበረው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ሄዱላቸው። ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይገባምና እኔ ቤቴ ሆኜ ስልኬን እያየሁ ስንቆራጠጥ ዋልኩ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቄሱ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ በሰላም አልቋል» አሉ። «አባትህ እንዴት ያለ ሰው መሰለህ፣ በክብር ተቀበለን። ነገሩን በምሳሌ አስረዳነው፣ ገብቶታል። አስብበታለሁ አለ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አባ። የት ነዎት አሁን?»

«ከደጄ ቆሜያለሁ። አባትህ አድርሶኝ መመለሱ ነው።»

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። «በምን አደረሱዎት?»

«በመኪናው ነዋ። ሦስታችንንም በየቤታችን አደረሰን።»

እንዳልጮህ ግንባሬን ግድግዳው ላይ ደገፍኩ። መኪና መንዳት ይተው ብለው ሊለምኗቸው የሄዱ ሽማግሌዎች በዚያው መኪና ተሸኝተው ገቡ።

«አባ፣ እንዴት ተሳፈራችሁ?» አልኩ።

«ምን እናድርግ ታዲያ? የቤቱ ባለቤት ልሸኛችሁ ብሎ ቁልፉን ሲያነሳ አይሆንም ማለት ነውር አይዶለም?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ አትሥጋ። እኔ ፊት ተቀምጬ ቀኝ ቀኙን ስነግረው ነበር።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ይህ ነገር በእናቴ ጉልበትም ሆነ በሽማግሌ ምላስ የሚቆም አይደለም፤ ሁላችንም ተራ በተራ አጠገባቸው ተቀምጠን መንገዱን ልናወራላቸው እንችላለን፣ አንድ ቀን አንድ ልጅ ጎማቸው ሥር እስኪገባ ድረስ። ያ ልጅ ደግሞ የእኔ ሊሆን ይችላል። በማግስቱ ሥራዬን አስፈቅጄ ቀረሁ። ራሴ እነግራቸዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ፤ ሌሊቱን አልጋዬ ላይ እየተገላበጥኩ ቃሉን አዘጋጀሁ፣ በአክብሮት ጀምሬ በአክብሮት የምጨርሰውን።

ጠዋት ልጄን ይዤ በኋላ በር ወጣሁ፤ ቆሻሻውን መንገዴን ልጥል። ሕንፃችንን ዞረን ወደ መንገዱ ስንመጣ አባቴ እንደ ልማዳቸው ከመንገዱ ማዶ፣ ከዋናው በራችን ትይዩ ቆመዋል። ሞተሩ ይሠራል። መስኮቶቹ ክፍት ናቸው። እኛ ከመኪናዋ በስተኋላ ተሻግረን በቀኝ በኩል ባለው የእግረኛ መንገድ መጣን። ፊት ወንበሩ መስኮት ጋ ቆምኩ፣ ቃሌን አፌ ላይ ይዤ። እስኪዞሩ ጠበቅኋቸው።

አልዞሩም። ወደ ግራ፣ ወደ ሕንፃችን በር ነው የሚያዩት። ታጥበዋል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል፣ በቀኝ እጃቸው መሪውን ቀስ እያሉ በጣታቸው ይመታሉ። ልጄ ፈገግ ብላ እጇን አወዛወዘችላቸው። ደገመችው። ከዚያ እጇ እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄዶ ቆመና ወደ እኔ ቀና ብላ አየች። ሙሉ የጠዋት ብርሃን ነው። ክንዴን ብዘረጋ ትከሻቸውን እነካለሁ። የተዘጋጀሁበት ቃል ሁሉ ከውስጤ ጠፋ። በሩ ተከፍቶ ጎረቤታችን ከነውሻው ሲወጣ አንገታቸውን አሰገጉ፣ እኛ አለመሆናችንን አይተው መልሰው ተደገፉ። እኛን ሊጠብቁ።

«ሳባ» አለች ልጄ ቀስ ብላ።

መላ አካላቸው ዘለለ። ኮፍያቸው ከጣሪያው ጋር ተጋጭቶ ጭናቸው ላይ ወደቀ። ዞረው እሷን አዩ፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ደግሞ የሕንፃውን በር።

«ከየት መጣችሁ?»

«እዚህ ነበርን» አለች። «እጄን ሳወዛውዝልህ ነበር፣ ሳባ። አላየኸኝም?»

ወደ እኔ ዞሩ። «አንተም አብረሃት ነበርክ?»

«ነበርኩ፣ አባ።»

የሷን ፊት አዩ፣ ከዚያ በራሳቸው ትከሻና በመስኮቷ መካከል ያለውን ርቀት አዩ። ቀኝ እጃቸውን ከመሪው ላይ አንስተው በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ዘረጉት፤ ጣታቸው ጉንጯን ነካ። ፊታቸው እንዲያ ሲለወጥ አይቼ አላውቅም፣ ዳግመኛም እንዳላይ። ሞተሩን አጠፉ። ወጥተው በሩን ቆለፉት፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት፣ በአንድ እጃቸው የመኪናዋን አፍንጫ እየዳሰሱ ዞረው ወደ እኛ መጡ።

ልጄ እንደ ሁልጊዜው ቀኝ እጃቸውን ያዘች። አባቴ ቆሙ።

«በግራዬ ሁኚ» አሏት። «በዚያ አላይሽም።»

ልጄ ምንም ሳትጠይቅ ዞራ ግራ እጃቸውን ያዘችና ሁለቱ ወደ አውቶቡስ መቆሚያው መሄድ ጀመሩ። እኔም ቦርሳዋን ይዤ ተከተልኳቸው።